ቲኬቱ ላይ የተጻፈችው ሴት

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 18

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው የተበላሸው። ደለስ አየር ማረፊያ፣ ሻንጣ የሚያስረክቡበት መስኮት ላይ። ሴትዮዋ ፓስፖርቴን አየች፣ ኮምፒውተሯን አየች፣ ተመልሳ ፓስፖርቴን አየች።

"ሔራን ኪራኮስ?"

አይደለሁም አልኩ።

ዞር ስል ቲኬቱን የገዛው እጮኛዬ ይስሐቅ ይስቃል። "ሰርፕራይዝ!" አለኝ።

ኪራኮስ የይስሐቅ አባት ናቸው። እኔ ሔራን ልሳነወርቅ ነኝ። ሠርጋችን ሜይ 30 ነው፣ ስድስት ሳምንት ይቀረዋል። ጃንዋሪ ላይ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እኔ ቤት ቁጭ ብለን ተነጋግረንበታል። ስሜን አልቀይርም አልኩት። "እሺ" አለ። እሺ! በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት።

ሴትዮዋ ሞከረችልኝ፣ እግዚአብሔር ይስጣት። አሥር ደቂቃ ሙሉ ስልክ ላይ ቆመች። ከኋላችን ያለው ሰው ሁሉ ያጉረመርማል፣ እሷ ግን አልተቻኮለችም። በመጨረሻ ስልኩን ዘጋችና፣ "ቲኬቱ በሌላ ዌብሳይት ነው የተገዛው፣ ከዚህ መቀየር አልችልም። አንድ ፊደል ቢሆን አስተካክልልሽ ነበር። ይሄ ግን ሌላ ሰው ነው" አለችኝ።

ሌላ ሰው...

ይስሐቅ ሰዓቱን አየ። "ስሚ፣ ሆቴሉም መኪናውም ካንሰል አይደረግም። እኔ ልቅደምና ነገ ትደርሺብኛለሽ።"

"ትተኸኝ?"

"መተው አይደለም፣ መቅደም ነው። ቤቢ፣ ድራማ አታድርጊው።"

ሄደ። ፍተሻው ጋ ሲደርስ ዞሮ እጁን አወዛወዘልኝ። እኔም አወዛወዝኩለት! ለምን? ምን ሆኜ ነው?

አይስላንድን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ኤፕሪልንም እኔ። ክረምቱ ሙሉ ለሙሉ አልወጣም፣ በጋው አልገባም፣ ጎብኚ የለም። የምሠራበት ፋርማሲ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሰው ይጮህብኛል። አንድ ሳምንት ዝም ያለ ቦታ ፈለግሁ። አሁን እሱ እዚያ፣ እኔ ሜትሮ ውስጥ ሻንጣዬን በጉልበቴ ይዤ። ሲልቨር ስፕሪንግ መሄድ አስጠላኝ። አሌክሳንድሪያ፣ አባዬ ጋ ወረድኩ።

አባዬ በሩን ከፈተ፣ ሻንጣውን አየ፣ "ግቢ" ብቻ አለ። ስላልጠየቀኝ አመሰገንኩት።

እሑድ፣ ኤፕሪል 19

ዳግማ ትንሣኤ። አባዬ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ነጠላውን ሳያወልቅ እንቁላል ጠበሰልኝ። ነገርኩት።

"ሴትዮዋ ምን አለችሽ?"

"ይሄ ሌላ ሰው ነው አለችኝ።"

"እውነቷን ነው።" ሚጥሚጣውን ወደኔ ገፋ አደረገው።

የአባዬን ስም አልጥልም ያልኩት ለምን እንደሆነ ያውቃል ብዬ አስብ ነበር። ሃያ ዓመት ፓርኪንግ ሠርቷል። አለቃው ልሳነወርቅ ማለት ስላቃተው ባጁ ላይ "ሊሳ" ብሎ ጻፈለት። ቁመተ ረጅም፣ ፂማም ሰውዬ... ሊሳ! ሰው መኪናውን ሲያስረክብ ባጁን አይቶ ይስቃል፣ አባዬም አብሮ ይስቃል። "ወርቁን አስቀርተው፣ ልሳኑንም ጎመዱት" ይለናል። እማዬ በሕይወት እያለች በዚህ ቀልድ እንባዋ እስኪፈስ ትስቅ ነበር። እኔ ግን ገና በልጅነቴ ያናድደኝ ነበር። ዲግሪዬ ላይ፣ የሙያ ፈቃዴ ላይ፣ ነጩ ጋውኔ ላይ ሙሉውን አስጻፍኩት። ማንም አልቆረጠውም።

"ስምህን አልጥለውም" አልኩት ዛሬም።

"ለኔ ብለሽ ከሆነ ጣይው።"

"ምን?"

"ሃያ ዓመት ሊሳ ሲሉኝ አቤት ያልኩ ሰው ነኝ። ስሜ ዘበኛ አልቀጠረም። አንቺ ለራስሽ ምን ፈለግሽ?"

ተናደድኩ። ሰበቤን ነጠቀኝ። የአባቴ ክብር፣ የአባቴ ድካም እያልኩ ስከራከር ነበራ። ታዲያ የኔ ምክንያት ምንድነው? እስካሁን አላውቅም። ግን አንጀቴን የሚያቃጥለው ነገር አለ፣ ስሙ ብቻ አይደለም።

"ጉዞው የማን ሐሳብ ነበር?" አለኝ።

"የኔ።"

"ሻንጣሽም አልተፈታ። ሂጃ!"

በስልኬ ቲኬት ገዛሁ። መነጽሩን አድርጎ እያንዳንዱን ፊደል በጣቱ እየተከተለ አነበበ። አየር ማረፊያ ያደረሰኝም እሱ ነው። መስኮቱ ላይ ያቺው ሴትዮ! ፓስፖርቴን አየች፣ ኮምፒውተሯን አየች። "አሁን አንቺ ነሽ" አለችና ሳቀች። ላቅፋት ምንም አልቀረኝ።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 20

ደረስኩ። ጥቁር ድንጋይ፣ ዛፍ የሚባል የለም። ንፋሱ ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ተቀብሎ በጥፊ አለኝ። ሙቅ ውኃው ከመሬት ነው የሚመጣው አሉ፣ የበሰለ እንቁላል ይሸታል። በዚህ ውኃ ፊቴን ታጠብኩ፣ ነፍሴ ተመለሰች።

ይስሐቅን ሬይክያቪክ፣ ሆቴሉ ሎቢ ውስጥ አገኘሁት። ሊያቅፈኝ ተነሳ።

"ጃንዋሪ ላይ ምን ብዬህ ነበር?"

"ሃይ እንኳን አትዪኝም?"

"ሃይ። ምን ብዬህ ነበር?"

"አልቀይርም።"

"እና?"

"እኮ፣ ያልሽው ያኔ ነው። ሰው ሐሳቡን ይቀይራል። ቲኬቱን ስታዪው ደስ ይልሽና... አይ ዶንት ኖው። ፈኒ ይሆናል ብዬ ነው።"

ዓይኑ ውስጥ ክፋት የለም። ይሄ ነው ያስደነገጠኝ። የምሩን ነው። አልቀይርም ያልኩት ለሱ መልስ አይደለም፣ የድርድር መጀመሪያ ነው።

ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ። "ወዴት?" አለኝ። "ወደ ሰሜን" አልኩት። ሰሜኑ የት እንደሆነ እንኳ አላውቅም ነበር።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 21

ቦርጋርነስ የምትባል ከተማ። በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ከሩብ። መንገዱ ባሕር ሥር ገብቶ ይወጣል፣ ዓይኔን ጨፍኜ አለፍኩት። አንዲት ሴትዮ ቤቷ ውስጥ ክፍል ታከራያለች። ሰባ ዓመት ይሆናታል። ስሟን ጠየቅኋት። "ጉድኒ።" "ጉድ ነኝ" ያለችኝ መሰለኝ። እንግሊዝኛ አቀላጥፋ ትናገራለች። ስሜን መዝገቧ ላይ "ሔራን" ብላ ብቻ ጻፈች። የአባትሽ ብላ አልጠየቀችም። እዚህ አገር ሁሉም ሰው በራሱ ስም ነው የሚጠራው አለች፣ ሐኪሙም፣ ሚኒስትሩም።

ከዚያ ጉዴ ፈላ። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልበላሁም። ጉድኒ ከምድጃ የወጣ ኬክ ይዛ መጣች፣ ላዩ ላይ የሚያብረቀርቅ ቀይ ማርማላታ።

"ትበያለሽ?"

"ኧረ አልፈልግም፣ አመሰግናለሁ።"

"እሺ" አለችና ወሰደችው።

ወሰደችው! እንደገና ትጠይቀኛለች ብዬ ተቀመጥኩ። አንደኛውን እምቢ፣ ሁለተኛውን እምቢ፣ ሦስተኛው ላይ "በሞቴ" ሲባል እሺ... እንደዚያ ነው ያደግነው። ጉድኒ ኬኩን ሸፍና ሬዲዮዋን ከፈተች። ክፍሌ ገብቼ ቦርሳዬ ውስጥ ያገኘሁትን የአውሮፕላን ብስኩት በላሁ። ለብቻዬ ሳቅሁ።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 22

ጠዋት ለጉድኒ እውነቱን ነገርኳት። በጣም ርቦኝ ነበር፣ እኛ ዘንድ መጀመሪያ እምቢ ማለት ጨዋነት ነው፣ አንቺ ደግሞ መለመን ነበረብሽ አልኳት። ከሳቋ ብዛት ወንበር ያዘች።

"ታዲያ እውነት የማትፈልጊ ቀን ምን ትያለሽ?"

 

ይሄ ጥያቄ አብሮኝ ዋለ። እውነት የማልፈልግ ቀንም ያው "አልፈልግም" ነው የምለው። ለይስሐቅም ያልኩት ይሄንኑ ቃል ነው። ግን... ጃንዋሪ ላይ ሦስት ጊዜ ነው የነገርኩት። አልተሽኮረመምኩም። ጨዋታ እንዳልሆነ ፊቴን አይቶ ያውቃል። ወይስ ማወቅ አልፈለገም?

ጉድኒ ከሰዓት መዋኛ ወሰደችኝ። እዚህ አገር ወሬ ሁሉ የሚሰማው ሙቅ ውኃ ውስጥ ነው አሉ። ሳይገቡ በፊት ግን ሳሙና፣ ራቁት፣ ሰው ፊት! የዋና ልብሴን ለብሼ ሹልክ ልል ስል አንዲት ጠባቂ በጣቷ መለሰችኝ። ደርቄ ቀረሁ። ጉድኒ ምንም ሳትናገር ፎጣዋን ዘርግታ ጀርባዋን ሰጠችኝ፣ እስክጨርስ መጋረጃ ሆነችልኝ። ሳልጠይቃት። ለምን ዓይኔ እንባ እንደሞላ አላውቅም።

አንገቴ ድረስ ሙቅ ውኃ፣ ፀጉሬ ላይ በረዶ ይወርዳል። አጠገባችን የተቀመጡ አንዲት አሮጊት በአገራቸው ቋንቋ አንድ ነገር ጠየቁኝ። ጉድኒ ተረጎመችልኝ፦ "የማን ልጅ ነሽ?"

እዚህ ድረስ መጥቼ!

"የልሳነወርቅ ልጅ" አልኩ። አሮጊቷ ሊሉት ሞከሩ፣ አቃታቸው፣ እንደገና ሞከሩ። አምስት ጊዜ። አላሳጠሩትም።

ጉድኒ የስቴይን ልጅ ናት። ባሏ ዓሣ አጥማጅ ነው፣ ከተጋቡ አርባ አንድ ዓመት። ስሟን ለመቀየር አስባ ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኋት። "ባል ሳገባ አባቴ አልተለወጠ" አለች። አንድ ቤት ውስጥ አራት ዓይነት የአባት ስም አለ፣ ልክ እንደኛ። ተመስገን፣ እብድ አይደለሁም።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 23

ዛሬ የበጋ መጀመሪያ ቀን ነው። በዓል ነው፣ ሥራ ዝግ ነው። በረዶ እየጣለ! ልጆች ባንዲራ ይዘው ሰልፍ ወጡ፣ ጥሩምባ የሚነፋው ሰውዬ ከንፈሩ ብረቱ ላይ ሊጣበቅ ነበር። ሁሉም "መልካም በጋ" ይባባላል። ማንም አይስቅም። እኔ ብቻ።

ጉድኒ ትናንት ሰሐን ላይ ውኃ አድርጋ ደጅ አሳድራ ነበር። ጠዋት ድንጋይ ሆኗል። እልል አለች ማለት ይቻላል። ክረምትና በጋ አብረው ከረጉ ዘንድሮ ወተቱ ይወፍራል አለች። እሷን ሳያት፣ የኔም ሳምንት እንደዚያ በመልካም ምልክት ቢቆጠር አልኩ።

ከሰዓት የይስሐቅ እናት ከጌይተርስበርግ ደወሉ።

"ልጄ፣ የኔ ቆንጆ፣ እንዲህ ይደረጋል? ልጁ ሆቴል ብቻውን ቁጭ ብሏል። ስም ምን ያደርጋል? ስም ድስት አይጥድ!"

"እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ሙሉ ስምዎ ማነው?"

"የኔ? ወለተሥላሴ ንጋቱ።"

"ጋሽ ኪራኮስን ካገቡ ስንት ዓመትዎ ነው?"

"ሠላሳ ስድስ... አንቺ!"  ከዚያ ሳቃቸው መጣ። "ተንኮለኛ። ተይ፣ የኔ ሌላ ነው። እኔን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።"

"ቢጠይቁዎትስ?"

ቴሌቪዥናቸውን ዝቅ አደረጉት።

"እምቢ ነዋ የምል። የአባቴ ልጅ አይደለሁ? በይ፣ ይሄን አላልኩሽም። ደግሞ አንገትሽን ሸፍኚ፣ ብርዱን በስልክ ሰምቼዋለሁ።"

እወዳቸዋለሁ። ይሄ ነው የሚከብደው።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 24

ይስሐቅ መጣ። የተከራየውን መኪና ጉድኒ ደጃፍ አቁሞ በሩን ሲከፍት ንፋሱ በሩን ገነጠለው ማለት ይቻላል፣ በሁለት እጁ ተንጠለጠለበት። ሳቅሁ። እሱም ሳቀ። ለአንድ ደቂቃ እንደ ድሮው ሆንን።

መኪናው ውስጥ ገብተን ባሕሩን እያየን ተቀመጥን። ስለ ትምህርት ቤቱ ነገረኝ። አራተኛ ክፍል እያለ ትኩሳት ይዞት እናቱ ሊወስዱት መጡ። ስማቸው ከሱ ስም ጋር ስላልገጠመ ቢሮ ውስጥ አንድ ሰዓት አስቀመጧቸው። በመስታወቱ ያያቸዋል። እናትየው መታወቂያቸውን ደጋግመው ያሳያሉ፣ እንግሊዝኛቸው ይጠፋባቸዋል።

"ልጆቼ እንደዚያ እንዲያዩሽ አልፈልግም" አለ። 

እጁን ያዝኩት። አለቀስኩ፣ የምሬን። "ለምን ጃንዋሪ ላይ አልነገርከኝም?"

"አልቀይርም ብለሽ ዘጋሽዋ።"

አሰብኩ። ከልቤ አሰብኩ። "ልጆቹ ኪራኮስ ይባሉ። ወረቀት ካስፈለገ የልደት ካርዳቸውን ኪሴ ይዤ እዞራለሁ። እኔ ግን እኔ ልሁን።"

 መሪውን በጣቱ ይመታል። ገባኝ፣ ሌላ ነገር አለ።

"ምንድነው?"

"የሠርጉ ካርድ ታትሟል።"

"እና?"

"እንግሊዝኛው ገጽ ላይ... ሔራን ኪራኮስ ነው የሚለው።" ቶሎ ብሎ ቀጠለ። "አማርኛው ላይ ግን ያንቺ አለ! ልሳነወርቅ ተብሎ፣ በወርቅ ቀለም! አባትሽ የሚያነቡት አማርኛውን ነው።"

"መቼ ነው የታተመው?"

"ፌብሩዋሪ።"

ፌብሩዋሪ። አልቀይርም ካልኩት ከሦስት ሳምንት በኋላ። በአማርኛ የአባቴ ልጅ፣ በእንግሊዝኛ የሱ። ሁለቱ ሴቶች አንድ ወረቀት ላይ ጀርባና ጀርባ ታትመዋል፣ እኔ ከነሱ ጋር አልተዋወቅሁም።

"ስፕሪንግፊልድ ላሉት ዘመዶች ልከናል" አለ። "ኢት ኢዝ ኦልሬዲ ደን፣ ሔራን። በእግዜር፣ እሺ በይኝ። በሞቴ።"

"ሜይ 30 ሠርግ የለም" አልኩት። አልጮህኩም። "ሰማኸኝ? የለም።"

ቀለበቴን አውልቄ መኪናው ውስጥ አስቀምጬ ወረድኩ። በሩን ልዘጋ ስል ንፋሱ ረዳኝ።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 25

አለቀስኩ። ከዚያ የጉድኒን የበግ ሾርባ በላሁ። ልጨምርልሽ አለች፣ አዎ። ልጨምር አለች፣ አዎ። ሦስተኛውን በቃኝ አልኩ። ማንኪያዋን አስቀመጠች። ከዚህ በላይ ተከብሬ አላውቅም።

እሑድ፣ ኤፕሪል 26

ጉድኒ አውቶቡስ ድረስ ሸኘችኝ። ማመስገን ስጀምር "በረዶ አለ፣ ግቢ" አለች። እንደ አባዬ ናት፣ ቃል ትቆጥባለች።

አውሮፕላን ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው። ቲኬቱ ላይ ያ ስም ባይጻፍ ኖሮ... ከይስሐቅ ጋር እሄዳለሁ፣ ፏፏቴ ፊት ፎቶ እንነሳለን፣ ካርዱን የማየው ሠርጉ ሊደርስ ሲል ነው። አምላኬ፣ አሥር ደቂቃ ስልክ ላይ የቆመችውን ሴትዮ ባርካት። "ሌላ ሰው ነው" ያለችኝን።

እሑድ፣ ሜይ 3

ሽማግሌ መጣ። አሌክሳንድሪያ፣ አባዬ ሳሎን። የይስሐቅ የክርስትና አባት ጋሽ ቢራቱና አቶ ወንድሜነህ፣ ከስፕሪንግፊልድ። ይስሐቅም በር አጠገብ ተቀምጧል፣ ከስቷል። ልቤ ራራ፣ አልዋሽም።

ጋሽ ቢራቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መግቢያቸው ረጅም ነበር፦ ትዳር፣ ሰይጣን፣ ስደት፣ የአዳራሽ ቀብድ። ለአባዬ ነበር የሚናገሩት።

አባዬ አቋረጣቸው። "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልጅቷ እዚህ ተቀምጣለች፣ አፍ አላት።"

ወደኔ ዞሩ። "ልጄ፣ ለስም ብለሽ ትዳር ታፈርሻለሽ? ደግሞ እኮ ልጁ ጥፋቱን አርሟል። አሳያት።"

ይስሐቅ አዲስ ካርድ አወጣ። አገላበጥኩት። አማርኛው ላይ ሔራን ልሳነወርቅ። እንግሊዝኛውም ላይ ሔራን ልሳነወርቅ። አንድ ፊደል አልጎደለም። ውብ ካርድ ነው። ሜይ 30 ይላል።

"ይኸው!" አሉ አቶ ወንድሜነህ። "ሌላ ምን ቀረ?"

"ይስሐቅ፣ ይሄ መቼ ታተመ?"

"ማክሰኞ።"

"ከዚያ በፊት ዓርብ ዕለት መኪናው ውስጥ ምን አልኩህ?"

መሬት መሬት አየ። "ሠርግ የለም አልሽ።"

"እና ማክሰኞ አሳተምክ።"

 ያኔ ነው የገባው። ፊቱ ላይ አየሁት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ጋሽ ቢራቱ "በሞቴ፣ አንዴ አስቢበት" አሉ፣ ድምፃቸው ግን እንደ መጀመሪያው አልነበረም። ተነሥቼ ጉልበታቸውን ሳምኩ፣ ስለመጡልኝ አመሰገንኳቸው። "አስቤ ነው የመለስኩት፣ ጋሼ" አልኳቸው።

ይስሐቅ ሲወጣ ደረጃው ላይ ቆሞ "ሶሪ" አለኝ። "አውቃለሁ" አልኩት። የምሬን ነው፣ ያዘነ ይመስለኛል። ስለ ትምህርት ቤቱ ስለነገረኝ አመሰገንኩት። ለእናቱ ራሴ እደውላለሁ።

አባዬ እንግዶቹ ያንቀሳቀሷቸውን ወንበሮች ወደ ቦታቸው መለሰ። "ራት ምን ትበያለሽ?" አለ። የአባዬ ስም አልነበረም ነገሩ። የካርዱም አልነበረም። አሁን ምክንያቴን አውቀዋለሁ፣ የራሴ ነው፣ እጽፈዋለሁ፦ እምቢ ስል ገና እየተደራደርኩ ነው ብሎ ከጀርባዬ የሚቀጥል ሰው፣ ይውደደኝም አይውደደኝ፣ ባልም ሽማግሌም ይሁን፣ ከዛሬ በኋላ አልቀበልም።